አንድም ሳይሉ ተቀመጡ

ሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1970 ዓ.ም.

ከትምህርት ቤት ስመለስ በሐይቁ ዳር አልፌ ዓሣ ገዛሁ። ሦስተኛ ክፍሎቼ ዛሬ ማባዛት አልገባ አላቸው… ወይስ እኔ ነኝ ያላስገባሁላቸው?

ቤት ስደርስ አባባ ዋንዛው ሥር ተማሪዎቻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። መጽሐፈ መሳፍንትን ጀምረዋል። የብሉይ መምህር ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! አሁንም ግን እጄ ዓሣ ያጸዳል፣ ጆሮዬ እዚያው ነው።

ነገሩ ከኢያሱ ሞት በኋላ ነው። እስራኤል ምድሪቱን ተካፍለው ገቡ፣ ግን ጨርሰው አልያዟትም። ተራራውን ያዙ፣ ሜዳው ቀረ። ይኸ ከተማ ቀረ፣ ያ መንደር ቀረ። የቀሩት ሰዎች ኋላ ለጎናቸው እሾህ ሆኑ።

ፅጌ ማርያም ጠየቀ። ከተማሪዎቹ ትልቁ ነው፣ ጢም አብቅሏል። “የኔታ፣ እግዚአብሔር አብሯቸው ሳለ ለምን ቀረባቸው? የብረት ሠረገላ ነው ያቃተው?”

“ሠረገላማ ምን ያቅተዋል?” አሉ አባባ። “ዝቅ ብለህ እየው። እስራኤል በበረቱ ጊዜ ምን አደረጓቸው ይላል?”

“አስገበሯቸው።”

“እንግዴህ! ሲደክሙ አይደለም የተዋቸው፣ ሲበረቱ ነው። ጥቅም አገኙባቸው። ጎን የወጋው እሾህ የቀረው ሰው አይደለም፤ ከሰው ጉልበት የተበላው ግብር ነው። አንድም ምድር ያለው ልብ ነው። አውጣው የተባልኸውን ኃጢአት ይጠቅመኛል ብለህ ታኖረዋለህ፣ ሲያድር ይወጋሃል። በዚህ ቃል ሰው ላይ ሰይፍ የሚመዝ ንባቡን ነው የያዘ፣ ትርጓሜውን አልተማረም። እኔ ከመምህሬ የተቀበልሁት ይኸን ነው። እናንተም እንዲሁ አድርሱ።”

ሣህሉ በአጥሩ በኩል ሲገባ ሰምቶ ሳቀ። ወንድሜ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ሁሉም ነገር ያስቀዋል። “አባባ፣ ግብር ማውገዝ ጀመሩ? ካድሬ ሊሆኑ ነው!” እሳቸውም ሳቁ። ዓሣው ትንሽ አረረብኝ። ተበላ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 29

አዘዘ መጣ! ከስንት ዓመት በኋላ…

ከቆላ ድባ በኩል አኩፋዳውን አንግቶ የመጣ ጊዜ እኔ ትንሽ ነበርሁ። እማዬ ነበረች ራሱን የላጨችው፣ ቁስሉን ያጠበችው። ከአባባ ተማሪዎች ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነበር። ኋላ ጥሎ አስኳላ ገባ፣ ጠፋ። አሁን የቀበሌያችን ካድሬ ሆኖ ተመድቧል። ሽጉጥ ታጥቋል።

የአባባን ጉልበት ሳመ። “የኔታ” አለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የእውነት ይመስለኛል። እማዬ ደስታዋ ልክ የለውም፣ ዶሮ ካላረድሁ አለች። አባባ ግን ከሄደ በኋላ “ትልቅ ተማሪ ነበረ” ብቻ አሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፣ ግን ማኅሌቱ ሳያልቅ ለስብሰባ ጠሩን። የማጋለጥ ስብሰባ። አናርኪስት የምታውቁ ተነሱና አጋልጡ ተባለ። ማንም አልተነሣም። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። አዘዘ ጮኸ፣ ለመነ፣ ዛተ። ዝም።

ስንወጣ እትዬ የሺአረግ በክርኗ ነካ አድርጋኝ “አፋችንን እንኳ አይወርሱት” አለች። ጎረቤታችን ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ያላት አንድ ልጇ ዳኘው ነው። ዳኘውና ሣህሉ አብረው ነው የሚማሩት፣ አብረው ነው የሚዋኙት። ልጆቹን ስናሳድግ የማን ምሳ የት እንደተበላ ለይተን አናውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 20

ወሰዷቸው።

ሣህሉንና ዳኘውን። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ዘንባባው ሥር። ማን ጠቆመ? ምን አደረጉ? አላውቅም። የሣህሉ ሳቅ ነው ወንጀሉ? አብዮት ጠባቂውን “ለምን?” ብለው “ቀበሌ ጠይቂ” አለኝ። ቀበሌ ሄድሁ፣ “ሥራሽን ሥሪ” አሉኝ።

እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልትለብስ ስትል አባባ ተቆጡ። “በቁሙ ልታለቅሺለት ነው?”

ሐሙስ፣ ኅዳር 22

እስር ቤት ምሳውን ተቀበሉ። ሳሕኑ ባዶውን ተመለሰ። በልቷል ማለት ነው። እማዬና እትዬ የሺአረግ አብረው ሄደው አብረው መጡ። በአንድ ዘንቢል ነው የሚይዙት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 2

አዘዘ መጣ። ጠባቂው በር ላይ ቀረ። እንደ ድሮው ጉልበት ስሞ ተቀመጠ።

“የኔታ፣ የሣህሉ ጉዳይ ገና በእጄ ነው። ከእጄ ሳይወጣ ልርዳዎ ብዬ ነው።”

“እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄ።”

“ሕዝቡ ግን አፉን ዘጋ። እኔን አይሰማም፣ እርስዎን ይሰማል። ያሳደገኝ ሰፈር ዝም ብሎ ሲያሳፍረኝ የበላዮቼ ምን ይሉኛል? በሚመጣው እሑድ ይምጡና መሳፍንት ምዕራፍ አንድን ያሰሙልኝ።”

አባባ ቀና ብለው አዩት።

“ጨርሰው አላወጧቸውም፣ የቀሩት እሾህ ሆኑባቸው ይበሏቸው። የለም እንዴ ይኸ? ሐሰት ይናገሩ አላልሁም እኮ።”

“አለ። ንባቡ እንዲያ ነው።”

“ንባቡ ይበቃኛል።”

“ትርጓሜውን አስተምሬህ ነበር፣ አዘዘ።”

“አስተምረውኛል፣ አልረሳሁትም። ትርጓሜውን ለእኛ ይተዉልን፣ የኔታ።”

እማዬ ከጓዳ ወጥታ “ሣህሉ ከዚያ በኋላ ይፈታል?” አለችው። “ይፈታል” አለ። ስለ ዳኘው ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም… ለምን? ብጠይቅ የሣህሉም የሚበላሽ መሰለኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 3

ቤታችን ጦርነት ነው።

“አንቱ” ትላለች እማዬ፣ “መጽሐፉ ስንት ሺህ ዘመን ኖሯል። አንድ እሑድ ግማሹ ቢቀር አይሞትም። ልጄ ግን ይሞታል።”

“ቃሉን ቆርጦ መስጠት፣ እንጀራ ቆርጦ እንደ መስጠት መሰለሽ?”

“ሐሰት ተናገሩ ማን አለ? ያንብቡና ይቀመጡ!”

“የተቀመጥሁበት ቦታ እኮ ነው ሐሰቱ።”

“እንግዲያውስ ልጄን ገድለው ቃልዎን ይቅበሩበት!”

እንዲህ ስትናገራቸው ሰምቼ አላውቅም። አባባ ዳዊታቸውን ገልጠው ተቀመጡ። ገጽ ሲገልጡ ግን አላየሁም።

ኋላ ለብቻቸው አገኘኋቸው። “ምን ሊያደርጉ ነው፣ አባባ?”

“አንቺስ ምን ባደርግ ትወጃለሽ?”

መልስ አልሰጠሁም። ሰጥቻለሁ ማለት ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 9

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

አዳራሹ ሞልቶ ደጅም ሰው ነበር። አባባን ከፊት አስቀመጧቸው፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ መስቀላቸውን ይዘው። አዘዘ “ዛሬ ሰባኪ እኔ አይደለሁም፣ እናንተ የምታምኗቸው የኔታ ገብረ ኪዳን ናቸው” አለ። ሰው ተንቀሳቀሰ፣ ቀና አለ። ከስንት ሳምንት በኋላ የሰው ፊት አየሁ።

አባባ ተነሡ። በግእዝ አሉት፣ ከዚያ በአማርኛ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ተራራው እንደተያዘ፣ ሜዳው እንደቀረ፣ ጨርሰው እንዳላወጧቸው፣ የቀሩት እሾህ እንደሆኑባቸው። እዚህ ላይ ቆሙ። ልማዳቸው ነው፣ ትንፋሽ ወስደው “አንድም” ይላሉ። ሰውም ለምዶታል፣ ጠበቀ። እኔ ጠበቅሁ። ይበሉት፣ አይበሉት… የትኛውን እንደምመኝ አላውቅም ነበር። ሁለቱንም።

አባባ አንድም ሳይሉ ተቀመጡ።

አዘዘ ወዲያው ተነሣ። “ሰማችሁ! እኔ አይደለሁም ያልሁት! ዛሬ ትተናቸው ነገ እሾህ ይሁኑብን?” ከዚያ ስም ጠራ። ዳኘው አለበት። ሣህሉ የለበትም። “እርምጃ ይወሰድባቸው የምትሉ!”

መጀመሪያ እጅ ያነሡት አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ አባባን አየት አድርገው። የኔታ ካሉ ብለው ነው። ከዚያ ሌላው፣ ሌላው። እኔም አነሣሁ። እማዬም።

እትዬ የሺአረግ ከኋላ ነበረች። ዞሬ አላየኋትም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 11

የሣህሉን ምሳ ተቀበሉ። የዳኘውን መለሱት። “ከእንግዲህ አታምጪ” አሏት።

ዘንቢሉ አንድ ነው። እማዬ የኛን ሳሕን ከውስጡ አውጥታ ለጠባቂው ሰጠች፣ እትዬ የሺአረግ ዘንቢሉን የራሷን ሳሕን እንደያዘ ይዛ ተመለሰች። ማልቀስ ተከልክሏል። በሯን ዘጋች፣ ምንም አይሰማም። እማዬ ልትሄድ ተነሥታ ደጃፋችን ላይ ቆመች፣ ተመለሰች።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 14

ሣህሉ ተፈታ። ከስቷል፣ ውስጥ እግሩ ቆስሏል፣ በተረከዙ ነው የሚረግጠው። እማዬ እግሩን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

መጀመሪያ የጠየቀው “ዳኘው ቀድሞኝ መጣ?” ብሎ ነው። ሲጠሩት “ቤት እንገናኝ” ተባብለው ነው የተለያዩት።

አባባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 17

ሰማ። ከውጭ ሰማ፣ ከማን እንደሆነ አልነገረኝም። ገብቶ አባባ ፊት ቆመ።

“የኔታ” አላቸው። አባባ አላላቸውም። “የቀረውን አሁን ይንገሩኝ። እሾሁ ማን ነው?”

አባባ አንገታቸውን ደፉ።

“እኔ ነኛ! እኔን ይጠቅመናል ብላችሁ አኖራችሁ። ዳኘውን ገበራችሁ።”

እማዬ በጥፊ መታችው። ቆስሎ የመጣ ልጇን። ከዚያ ራሷ አለቀሰች። ልቅሶዋን እንዳይሰሙ በሩን ዘጋሁ። እትዬ የሺአረግ እንዳትሰማ ነው ወይስ አብዮት ጠባቂው?

ሐሙስ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ታቦቱ ወደ ሐይቁ ወረደ። አባባ አልወረዱም። አሞኛል አሉ። ሲቀድሱም አላየኋቸውም፣ ከዚያ እሑድ ወዲህ።

ቅዳሜ፣ ጥር 27

ሣህሉ ሄደ። ደልጊ አጎታችን አካሉ ዘንድ፣ በሳምንቱ መርከብ። እዚያ መረብ ይጥላል፣ እህል ይጭናል፣ ያገኘውን ይሠራል። ትምህርት በቃኝ አለ።

ወደቡ ድረስ ሸኘሁት። “አባባ ይቅር እንድትላቸው ይፈልጋሉ” አልሁት። ዋሸሁ፣ እንዲያ አላሉም። ምንም አላሉም።

“እኔ ምን ብዬ ነው ይቅር የምል?” አለኝ። “እኔ እኮ አትርፌበታለሁ።”

ሐሙስ፣ የካቲት 2

ፅጌ ማርያም ተሰናበተ። ሌሎቹ ሹልክ እያሉ ነው የሄዱት፣ እሱ ግን አጎንብሶ እጅ ነሥቶ። “የኔታ፣ መሳፍንትን ሳንጨርስ…” ጀመረና ተወው። አባባ “ሌላ መምህር ያስጨርስህ” ብለው ባረኩት። ዋንዛው ሥር ማንም የለም። ግቢው ሰፋብኝ።

እሑድ፣ የካቲት 19

ስብሰባ። አባባ ሳይጠሩ መጡ። ደንግጬ ቀሚሴን ያዝሁ። እማዬ ቤት ናት፣ እትዬ የሺአረግም ታማለች ተብሎ ቀርታለች።

አዘዘ እየተናገረ ሳለ አባባ ተነሡ። “ያን ጊዜ ሳልጨርሰው የተቀመጥሁት ቃል አለ” አሉ።

አሁን ይይዟቸዋል… ይያዙ። እውነቴን ነው፣ ይያዙ አልሁ።

አዘዘ ፈገግ አለ። የልጅ ፈገግታ። “የኔታማ ጨርሰዋል። የቀረውን እኛ ፈጽመነዋል።” ዞሮም ለሕዝቡ “ለአባታችን እናጨብጭብ!” አለ።

ተጨበጨበ! አባባ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጭብጨባው አልቆም አለ። ከፊት የተቀመጡት እንኳ የሰሙ አይመስለኝም። አንዱ አብዮት ጠባቂ በአክብሮት ክንዳቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። ውኃ አመጣላቸው።

ቢያስሯቸው ይሻል ነበር። አላሰሯቸውም። ማን ሊያስራቸው? ዋጋቸውን አንድ ጊዜ ሰጥተው ጨርሰዋል።

መንገድ ላይ እጄን ይዘው እየሄዱ “ሰምተውኝ ይሆን?” አሉ። “ሰምተዋል፣ አባባ” አልሁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 22

ፋሲካ። ሣህሉ አልመጣም። ዓሣ ላከ፣ የደረቀ። እማዬ እየደጋገመች ታሸተዋለች፣ “በሕይወት አለ፣ በሕይወት አለ” ትላለች። “ደግሞ ቢመጣብኝ ደግሜ አደርገዋለሁ፣ እግዜር ይወቅ!” ማንም ሳይጠይቃት።

አዘዘ በሹመት አድጎ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ሊሰናበት መጥቶ ነበር። አባባ ተኝተዋል አልሁት። አልተኙም ነበር። እሱም አውቋል። “ጉልበታቸውን ሳሚልኝ” አለኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 11

እትዬ የሺአረግ መጣች። ከታኅሣሥ ወዲህ ደጃፋችንን ረግጣ አታውቅም። ነገ ቁንዝላ ልትሄድ ነው፣ እህቷ ዘንድ፣ ለሁልጊዜውም። ቤቷን ለቀበሌ አስረክባለች።

ቁጭ በይ ብንላት ቆማ ቀረች።

እማዬ አላስቻላትም። “የሺ፣ አንቺም እናት ነሽ። አንቺስ ብትሆኚ…”

“እኔማ ብሆን እንዳንቺው ባደረግሁ ነበር፣ ወለተ ሩፋኤል። ሳላመነታ። አንቺን ልጠይቅ አልመጣሁም።” ወደ አባባ ዞረች። “እርስዎን ነው። በየካቲት ተነሥተው ነበር አሉ፣ በጭብጨባ ዋጡዎ አሉ። ምን ሊሉ ነበር? ሳልሄድ በጆሮዬ ልስማው።”

አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ተቀምጠው አያስተምሩም ነበር እንዴ ሁልጊዜ? ለሷ ቆሙ። ከመጀመሪያው ጀመሩ። ንባቡን አሉ። ከዚያ ቆሙ፣ ትንፋሽ ወሰዱ፣ “አንድም” አሉ። ሲበረቱ እንደተዋቸው፣ ሲጠቅማቸው እንደተዋቸው፤ እሾሁ ግብሩ እንጂ ሰው እንዳልሆነ፤ በዚህ ቃል ሰይፍ የሚመዝ ትርጓሜውን ያልተማረ እንደሆነ። አንድም አላስቀሩም። የድሮው ድምፃቸው ነበር። ከስንት ወር በኋላ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ፣ መስማቴም ደስ አለኝ… አፈርሁ።

እትዬ የሺአረግ እስኪጨርሱ ጠበቀች። 

“ይኸን መቼ ነው ያወቁት?”

“ከመምህሬ ነው የተማርሁት። ጎልማሳ ሳለሁ።”

“ያን ዕለት ያውቁት ነበር?”

“አውቀው ነበር።”

ራሷን ነቀነቀች። ቀስ ብላ፣ ብዙ ጊዜ።

“እኔ እኮ ተሳስተው መስሎኝ ነው” አለች። “ሽማግሌ ናቸው፣ ፈርተው ጠፍቶባቸው ነው፣ የልጄን ደም አትቁጠርባቸው እያልሁ ስጸልይልዎ ከረምሁ። ጧት ማታ። ያውቁት ኖሯል። እንግዲያውስ ከዛሬ ጀምሮ አልጸልይልዎም።”

አባባ ሳያስቡት ይመስለኛል መስቀላቸውን ዘረጉላት፣ እንደ ልማዳቸው። አልተሳለመችም። እማዬን ግን አቅፋ ሳመቻት፣ እኔንም። ሄደች።

አባባ አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። እራት ቢቀርብላቸው እንቢ አሉ። እማዬ ወጡን አሞቀች። ተቀመጥን። እሷ በላች። እኔም በላሁ… ይበላል ለካ።